አጣጥ

አጣጥ (አታት ተብሎም ይጻፋል) በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጉራጌ ዞን፣ በቸሃ ወረዳ የሚገኝ የገጠር አካባቢ ነው። ከወልቂጤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጉብሬ አቅራቢያ፣ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ይገኛል። ስሙ ከአካባቢው ውጭ የታወቀው በሆስፒታሉ ምክንያት ነው።

መልክዓ ምድር

አካባቢው ወይና ደጋ ሲሆን በጉራጌ ተራሮች ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ይገኛል። የተራሮቹ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,700 ሜትር ያልፋል። ከተራሮቹ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ደግሞ በዋቤ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ ይሄዳል። አጣጥ ያለው በምዕራቡ በኩል ነው።

መንደሮቹ የተሠሩት በጀፎረ ዙሪያ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር መንገድ ሲሆን፣ ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶና ሠርግም ይካሄድበታል። ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፣ የእንሰት ማሳው ከየቤቱ ጓሮ ይጀምራል። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ቢፈጅም በጥቂት መሬት ላይ ብዙ ሰው ይመግባል። ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ የሚገኙት ከእሱ ነው። ጫት፣ ቡናና ባሕር ዛፍ ለገበያ ይመረታሉ።

ሕዝብ

የአካባቢው ነዋሪዎች በአብዛኛው ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱ የሆኑት ቸሃዎች ሲሆኑ ቋንቋቸውም ቸሃ ነው። ኦርቶዶክሶች፣ ሙስሊሞችና ካቶሊኮች ተጎራብተው ይኖራሉ።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጉራጌ ዞን 1,279,646 ነዋሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ 622,078ቱ ወንዶች፣ 657,568ቱ ሴቶች ሲሆኑ፣ በከተማ የሚኖረው 9.36 በመቶ ብቻ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 217 ሰው ይኖር ነበር። አኃዙ ዛሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሥር ያሉትን ቡታጅራንና አካባቢዋን ይጨምራል።

ሴቶቹ በ35,490 የሚበልጡበት አንዱ ምክንያት ወንዶች ለንግድና ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች መሄዳቸው ነው። የሄዱት ክርስቲያኖች ለመስቀል፣ ሙስሊሞች ለአረፋ ይመለሳሉ፤ በእነዚያ ሳምንታት ጀፎረው ሰው ይሞላዋል። በሌላው ጊዜ እንሰት መፋቁም ልጅ ማሳደጉም በአብዛኛው የሴቶቹ ሥራ ነው። የከተማው ገንዘብ ግን ወደ አገር ቤት ይመለሳል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር።

ሆስፒታሉ

የአጣጥ እመቤታችን ዘሉርድ ካቶሊክ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 በሕክምና ሚሲዮን እህቶች ማኅበር ነው። ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ1925 ያቋቋመችው ኦስትሪያዊቷ ሐኪም አና ዴንገል ናት።

መንደሮቹ ከመኪና መንገድ የራቁ ስለሆኑ ምጥ የጠናባት ሴት በሰው ሸክም ነበር የምትመጣው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተከፈተ። ለአደጋ ይጋለጣሉ የተባሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ለምሳሌ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለዱ፣ ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው ይቆያሉ፤ ክትትሉን ሆስፒታሉ፣ ምግቡን በአብዛኛው ቤተሰብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶችን የመረመረ ጥናት በ2010 ታትሟል። 6,805ቱ እናቶች ከማቆያው የገቡ ነበሩ። ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የእናቶች ሞት በማቆያ ለቆዩት 89.9፣ በቀጥታ ለመጡት 1,333.1 ነበር። ሞተው የተወለዱትም ከ1,000 ወሊድ 17.6 እና 191.2 ነበሩ።

ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ በቤታቸው ረጅም ጊዜ ካማጡ በኋላ፣ ነገሩ ሲከፋ የተወሰዱ ናቸው። በቤታቸው በሰላም የተገላገሉት ደግሞ በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የሉም።