ዘርና ጡት ሲሟገቱ

ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ አንድ ሙግት ላውጋችሁ። ተሟጋቾቹ ዘርና ጡት ናቸው። የተካሰሱትም በልጅ ብልህነት ነው። ዘር ተነሥቶ «ዘር ከልጓም ይስባል፤ ብልሁን ልጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። ጡት ደግሞ «አንተ ወልደህ ዞር አልክ፤ ሌሊቱን ያነጋሁት እኔ ነኝ» ስትል መለሰች።

እንደ ድሮው በላ ልበልሃ ቢሆን ኖሮ አንደበተ ርቱዑ ረትቶ፣ ነገሩ ከዋርካው ሥር በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። ይህ ሙግት ግን ምስክሮቹ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ቃሉን እስኪሰጥ ማደግ አለበት፤ ችሎቱም ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች የተወለዱት ከኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ ደነዲን ከምትባል ከተማ ነው። ዘመኑ 1972 እና 1973 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ልጆቹ 1,037 ነበሩ። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ተመራማሪዎች እናቶቻቸውን «ጡት ጠብቷል ወይስ በጡጦ ነው ያደገው?» ብለው ጠየቁና መልሱን መዝግበው አስቀመጡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ የአይኪው፣ ማለትም የብልህነት መለኪያ፣ ፈተና ተፈተኑ፣ ጎረመሱ። ለአካለ መጠን ሲደርሱ ደግሞ የዘረመል ናሙና ሰጡ።

በ2007 አቭሻሎም ካስፒና ቴሪ ሞፊት የተባሉ ባልና ሚስት ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንን መዝገብ ገለጡት። ዓይናቸውን የጣሉት ፋድስ2 በሚባል አንድ ዘረመል ላይ ነው። ሥራውን እንደ ፈታይ አስቡት። ፈታይ ጥጡን አባዝታ፣ በእንዝርት እየሳበች ቀጭን ክር ታወጣለች። ይህም ዘረመል ከምግብ የመጣውን ስብ አእምሮ ወደሚገነባበት ስብ ለመለወጥ ያግዛል። ያ ስብ ዲኤችኤ ይባላል። የእናት ወተት ተፈትሎ ያለቀለትን ክር ይዞ ይመጣል። የዚያን ዘመን የጣሳ ወተት ግን ጥጡን እንጂ ክሩን አልያዘም ነበር።

ፋድስ2 በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አንዱን ሲ፣ ሌላውን ጂ እንበለው። ከአባትም ከእናትም አንድ አንድ ይወረሳል። ውጤቱ ሲታይ፣ አንድ እንኳ ሲ ያላቸው ልጆች ጡት ከጠቡ፣ ካልጠቡት አቻዎቻቸው ከ6 እስከ 7 የሚደርስ የአይኪው ነጥብ ይበልጣሉ። ሁለቱም ጂ የሆኑባቸው፣ ከአሥሩ ልጅ አንዱ ገደማ፣ ግን ጠቡም አልጠቡም ለውጥ አልታየባቸውም። በ1994 እና በ1995 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የተወለዱ 2,232 መንትዮች ሲጠየቁም ቃላቸው ያው ሆነ።

ዘርና ጡት ታረቁ ተባለ። «ጡት ይሠራል፤ ዘር ከፈቀደለት» ተብሎ ተጻፈ። እንዴት ያምራል! ግን ሁለት ምስክር ስለተስማማ ነገር አለቀ ብሎ መነሣት የለም።

በ2010 የእንግሊዟ ብሪስቶል ልጆች ወደ ችሎቱ ገቡ፤ ወደ 6,000 ይጠጋሉ። ቃላቸውም ነገሩን ገለበጠው። እዚህ ጡት ይበልጥ የጠቀመው ያንን፣ ሁለቱም ጂ የሆነበትን ልጅ ነበር። በጣሳ ወተት ሲያድግ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጡት ሲጠባ ግን እኩል ሆነ። የአውስትራሊያ መንትዮች ሲጠየቁ ደግሞ «እኛ ይህንንም ያንንም አላየንም» አሉ። በመጨረሻ ከብራዚል የፔሎታስ ተመራማሪዎች ከየአገሩ የ12,000 ልጆችን ቃል አሰባስበው ሲመዝኑት፣ የዚያ ዕርቅ ማስረጃ ጠፋ።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ጣልቃ ገብ ከችሎቱ በር ቆማ ነበር፤ እናት ራሷ። በ2006 ከ5,000 የሚበልጡ የአሜሪካ ልጆች መዝገብ ሲመረመር፣ የአይኪው ነጥቧ ከፍ ያለ እናት ጡት የማጥባት ዕድሏም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጠብቶ ሌላው ያልጠባ ወንድምና እህት ሲነጻጸሩ ደግሞ ልዩነት ጠፋ። ታዲያ ለጡት ከተቆጠረላት ነጥብ ውስጥ ስንቱ የእናት ነበር?

ይህን ለመለየት የሚረዳ ዕጣ ቤላሩስ ውስጥ ተጥሎ ነበር። ዕጣው የተጣለው በሕፃናቱ ላይ ሳይሆን በ31 ሆስፒታሎች ላይ ነው፤ ልጆቹ ከ17,000 ይበልጡ ነበር። ዕጣው በወጣላቸው ሆስፒታሎች እናቶች ጡት እንዲያጠቡ ልዩ ድጋፍ ተደረገ። በሦስት ወር በድጋፉ ወገን ካሉት 43 በመቶው፣ በሌላው ወገን 6 በመቶው ብቻ ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ልጆቹ ስድስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው፣ የድጋፉ ወገን በቃል ችሎታ ፈተና በ7.5 ነጥብ በለጠ። ጡት እልል አለች! ነገር ግን የፈተኗቸው ሐኪሞች ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ልጆቹ 16 ዓመት ሲሞላቸው በኮምፒውተር ቢፈተኑ፣ በቃል ችሎታ የቀረው ብልጫ 1.4 ነጥብ ገደማ ነው፤ በሌላው እኩል ሆኑ።

እንግዲህ ፍርዱ እንዲህ ነው። ጡት በአእምሮ ላይ ድርሻ ቢኖራት እንኳ ትንሽ ነው፤ ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሌላም ሕመም መጠበቋን ግን ማንም አልተከራከራትም። ዘርም ቢሆን በአንድ ፋድስ2 አይረታም፤ ብልህነትን የሚነኩት ዘረመሎች እልፍ ናቸው፣ የእያንዳንዱም ድርሻ ኢምንት ነው። በጡጦ ያሳደገች እናት ልጇን አላደኸየችም። ፋድስ2ም የማንንም ልጅ ዕጣ አልጻፈም።

የደነዲን ልጆች ዛሬ 50 ዓመት አልፏቸዋል፤ ሲጠሩ አሁንም ይመጣሉ። መዝገባቸው የተከፈተው አንዲት እናት «ጠብቷል?» ተብላ ስትጠየቅ ነው። የዘሩን ግማሽ የሰጠችው እሷ ናት። ጡቱንም የሰጠችው እሷ ናት። የአንድ እናት ልጆች ናቸው ለካ ሲካሰሱ የኖሩት! በረካው ደርሷል፤ ሲኒያችሁን አቅርቡ።