ከጃኬት የተፈታ ዓርማ

ፊፊኔላ ቀይ ልብስ የለበሰች፣ የአብራሪ መነጽር ያደረገች፣ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ትንሽ ፍጡር ናት። በ1943 እና በ1944 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ፣ ስዊትዋተር ከተማ አጠገብ ባለው አቬንጀር ፊልድ የሠለጠኑ ሴት አብራሪዎች በቆዳ ጃኬታቸው ደረት ላይ ይሰፏት ነበር። ያረጁ የጦር አውሮፕላን ስኳድሮን ዓርማዎችን፣ ሰብሳቢዎች በአጭሩ «ፓች» የሚሏቸውን፣ የሚያሳድዱ ሰዎች ዛሬም ይፈልጓታል።

አመጣጧ ከቀልድ ነው። የእንግሊዝ አብራሪዎች ሞተር ሲያስቸግር ወይም ሽቦ ሲበጠስ ጥፋቱን «ግሬምሊን» በሚባሉ የማይታዩ ተንኮለኞች ያላክኩ ነበር። ራሱ አብራሪ የነበረው ሮአልድ ዳል ቀልዱን ወደ ልጆች መጽሐፍ ለወጠው፤ ፊፊኔላዎች የግሬምሊኖቹ ሴቶች ናቸው። መጽሐፉ በ1943 ከዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ ሥዕሎች ጋር ወጣ፤ የታሰበው ፊልም ግን ቀረ። ሴት አብራሪዎቹ ፊፊኔላን መለያቸው ለማድረግ ፈቃድ ጠየቁ፤ ስቱዲዮው ፈቀደ።

ስቱዲዮው ለሌሎችም እንዲሁ ቸር ነበር። በጦርነቱ ዘመን በሃንክ ፖርተር የሚመራ አነስተኛ የሠዓሊዎች ቡድን መድቦ 1,200 ያህል ዓርማዎችን ያለ ክፍያ ሠርቷል። በቻይና የተዋጉት «በራሪ ነብሮች» ክንፍ ያለውን ነብራቸውን ያገኙት ከዚሁ ስቱዲዮ ነው። ከፊልሞቹ ገጸ ባሕርያት ሁሉ በብዛት የተፈለገው ቁጡው ዶናልድ ዳክ ሲሆን ሚኪ ማውስ ግን ከእሱ በጣም ያነሰ ፈላጊ ነበረው። ለጦርነት ጨዋነት በዝቶበት ይሆናል።

የሴቶቹ ክፍል በምሕጻረ ቃል «ዋስፕ» ይባል ነበር። ሥልጠናውን የጨረሱት 1,074 ናቸው። ከፋብሪካ የወጡ አውሮፕላኖችን ወደ ጦር ሰፈሮች ያደርሳሉ፣ የተጠገኑትን ይሞክራሉ፤ ከመሬት ሆነው በእውነተኛ ጥይት ተኩስ ለሚለማመዱ ወታደሮች ደግሞ የጨርቅ ዒላማ ከአውሮፕላናቸው ኋላ እየጎተቱ ይበራሉ። 38ቱ በሥራው ላይ ሞተዋል። መንግሥት ግን የሚቆጥራቸው እንደ ሲቪል ሠራተኞች ነበር። ስለዚህ አንዷ ስትሞት በሬሳ ሣጥኗ ላይ የሀገሪቱን ባንዲራ ማልበስ በሕግ የሚገባት ክብር አልነበረም፤ ሬሳዋን ወደ ቤተሰቧ ለመላክ ጓደኞቿ ገንዘብ ያዋጡበት ጊዜ አለ። ክፍሉ በታኅሣሥ 1944 ተበተነ። ጦሩ የእኔ ናቸው ሳይላቸው የኖሩ ሴቶች በደረታቸው ላይ አብረው የለጠፉት ከልጆች ተረት የወጣችውን ይህችን ፍጡር ነበር።

የሰብሳቢዎች ዓለም ስለዚህ ታሪክ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ገበያው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። ገዥው መጀመሪያ ዓርማውን ገልብጦ ጀርባውን ያያል። በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት መብራት ያበራበታል፤ ክሩ በደማቁ ከተንቦገቦገ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋ ኬሚካል የነካው ሊሆን ስለሚችል ይጠረጥራል። አንዲት ቀጭን ክር መዝዞ የሚያቃጥልም አለ፤ ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ዐመድ ሲሆን ሰው ሠራሹ ክር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ጠርዙም ይመረመራል፦ የዚያ ዘመን ዓርማ ብዙውን ጊዜ ዙሪያው በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ በወፍራም ክር የተጠቀለለው ጠርዝ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚያስቸግረው፣ ብዙ ስኳድሮኖች በሰፈሩበት ሀገር ላለ ልብስ ሰፊ እየሰጡ ያሠሩ ስለነበር፣ የአንድ ስኳድሮን ሁለት እውነተኛ ዓርማዎች ላይመሳሰሉ መቻላቸው ነው። በሕንድ የተሠራው ቆዳ ወይም የብር ክር ጥልፍ፣ በአሜሪካ የተሠራው የማሽን ጥልፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ምርመራ ግን ስለ ጨርቁ ዕድሜ እንጂ ጨርቁን ስለለበሰው ሰው አይናገርም። ዓርማ ከጃኬት ተፈትቶ ለብቻው ሲሸጥ ጃኬቱ ላይ የተጻፈው የአብራሪው ስም በዚያው ይቀራል። ለአመል አያያዝ ሲባል በመስታወት ሣጥን የተደረደረ ባለ ብዙ ቀለም ስብስብ ያምራል፤ ጥሩ ሰብሳቢ ግን ዓርማውን ከነጃኬቱ፣ ከነደብዳቤውና ከነፎቶው የሚያስቀምጠው ነው።

ለምሳሌ የ332ኛውን ተዋጊ ቡድን ዓርማ ያየ ሰው እሳት የሚተፋ ጥቁር ፓንተር ያያል። አማርኛ ለዚህ አውሬ «ግስላ» የሚል ቃል ስላለው ትርጉም አያስቸግርም። ይህ በቱስኪጊ የሠለጠኑ ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ምልክት ነው፤ ዘር በለየ ጦር ውስጥ ሆነው በ1944 እና በ1945 ከኢጣልያ እየተነሱ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን አጅበዋል። ግስላው የማያሳየው አንድ ሰው አለ። ጆን ሮቢንሰን በ1924 ከቱስኪጊ የተመረቀ፣ በቺካጎ የበረራ ሙያ የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ትምህርት ቤቱ በረራ ማስተማር እንዲጀምር ሠልጣኝ ተመዝጋቢ ከመገኘቱ ዓመታት በፊት ወትውቷል። በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል መራ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ዓድዋን ሲደበድቡም በሥፍራው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወንድሞቹ ከዚያችው ኢጣልያ ምድር ሲነሱ፣ እሱ አብራሪዎችን ሊያሠለጥን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ነበር። በ1954 በአዲስ አበባ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ።

የፊፊኔላ ሴቶችም ቢሆኑ ጉዳያቸው በጨርቅ አልተቋጨም። በ1977 የአሜሪካ ምክር ቤት የጦር አርበኛነት መብታቸውን ሲመረምር ክብደት ካገኙት ማስረጃዎች አንዱ፣ ከመካከላቸው አንዷ ለሠላሳ ሦስት ዓመት ያስቀመጠችው የክብር ስንብት ወረቀት ነበር፤ ቃሉ ለወንዶቹ ወታደሮች የሚሰጠው ዓይነት ነው። መብቱ በዚያው ዓመት ተፈቀደ። የኮንግረሱ የወርቅ ሜዳሊያ የተሰጣቸው ደግሞ በ2010 ነው፤ በሕይወት የነበሩት በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ወይም ያለፉ ነበሩ።