ተግባራዊ የሳይንስና የምህንድስና ትምህርት ለልጃገረዶች

ተግባራዊ የሳይንስና የምህንድስና ትምህርት ለልጃገረዶች ሴት ተማሪዎች በገዛ እጃቸው እየሠሩ፣ እየለኩና እየፈተኑ የሳይንስን መሠረታዊ ሐሳቦች የሚማሩበት ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ በዩኒቨርሲቲዎች በሚገኙ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላትና በትምህርት ቤት ክበባት ይሰጣል። የተሟላ ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር አካባቢም፣ ለምሳሌ በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በአካባቢው በሚገኙ ዕቃዎች ሊካሄድ የሚችል ነው።

አስፈላጊነቱ

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በተለምዶ «በፕላዝማ»፣ ይሰጥ ነበር። ሙከራው በቴሌቪዥን ይታያል፤ ተማሪው ግን ዕቃውን አይነካም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት 70 በመቶ የሚሆኑት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዘርፍ እንዲመደቡ ወሰነ፤ ሴቶችም በዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ ይቀበሉ ነበር። ይህ ድጋፍ የሚደርሰው ግን እስከ ፈተናው ለዘለቀችው ተማሪ ብቻ ነው። በገጠር ብዙ ልጃገረዶች በቤት ሥራ ጫና፣ በትምህርት ቤት ርቀትና ያለዕድሜ ጋብቻ ምክንያት ከዚያ በፊት ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት በዓለም ከፍተኛ ትምህርት በስቴም መስኮች ከሚማሩት ሴቶች 35 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ፌብሩዋሪ 11 (በአብዛኛው የካቲት 4) የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ሆኖ እንዲከበር እ.ኤ.አ. በ2015 ወስኗል።

በኢትዮጵያ

ስቴምፓወር የተባለው ድርጅት በቢሾፍቱ በሚገኘው የፎቃ ማዕከል ጀምሮ በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተርና የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራዎች እንዲቋቋሙ አግዟል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የስቴም ማዕከል አለው። በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ልጆችን ኮድ መጻፍ ያስተምራል፤ በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዷ የሐረር ተወላጇ ቤተልሔም ደሴ ናት። በፍኖተ ሰላም የተወለዱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በዕፅዋት በሽታዎች ላይ ተመራምረው እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል-ዩኔስኮ ሽልማት አግኝተዋል፤ በናይሮቢ የሚገኘውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔንም መርተዋል።

በአካባቢው ሊሠሩ የሚችሉ ሙከራዎች

የውሃ መፍያ፦ የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በስማዳ ቆላ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ፣ መፍያው ይጨምራል። ባቄላ በደጋ ዘግይቶ የሚበስለው የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ መሆኑን ተማሪዎች በቴርሞሜትርና በሰዓት ማረጋገጥ ይችላሉ።

እርሾ፦ እኩል መጠን ያለው ሊጥ በሁለት ማሰሮ ተደርጎ አንዱ ከምድጃ አጠገብ፣ ሌላው በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። የትኛው ፈጥኖ እንደሚነሣ በየሰዓቱ ይለካል። የእንጀራን ዓይን የሚያወጣው በመብላላት የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

የድንች ባትሪ፦ በአንድ ድንች ላይ ዚንክ የተቀባ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሳይነካኩ ሲሰኩ ከ1 ቮልት ያነሰ ኤሌክትሪክ ይገኛል። ሦስት ወይም አራት ድንቾች በተከታታይ ሲያያዙ ትንሽ ቀይ የኤልኢዲ መብራት በደብዛዛው ሊበራ ይችላል። ኃይሉ የሚመጣው ከድንቹ ሳይሆን ከዚንኩ መሟሟት ስለሆነ ድንቹ ከሙከራው በኋላ አይበላም።

የእርከን መለኪያ፦ ሁለት እኩል እንጨቶች አናታቸው ላይ ታስረው እግሮቻቸው ይከፈታሉ፤ በመካከላቸው አግድም እንጨት ይገጠማል። ከአናቱ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ ገመዱ በአግድሙ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደገና ምልክት ይደረጋል። የሁለቱ ምልክቶች አጋማሽ ትክክለኛው ነጥብ ነው። ገመዱ በዚያ ነጥብ ሲያልፍ ሁለቱም እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል፤ እርከንም በዚሁ መስመር ይቀየሳል።

ምህንድስና ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በዚሁ ዞን ደብረ ታቦር አጠገብ በሚገኘው ጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጓጉዟል። ስለ ተዳፋትና ስለ ሰበቃ ለማስተማር ይህ ታሪክ ቅርብ ምሳሌ ነው።

አተገባበርና እንቅፋቶች

በድብልቅ ቡድን ውስጥ ወንዶች ዕቃውን ሲይዙ ሴቶች ጸሐፊ ሆነው መቅረታቸው የተለመደ ችግር ነው። ስለዚህ ሥራው በተራ ይከፋፈላል፤ ወይም ለልጃገረዶች ብቻ የሚሆን ክበብ ይቋቋማል። ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀም የሚጠብቃት ተማሪ ከትምህርት በኋላ መቆየት ስለማትችል ክበቡ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የወላጆች ፈቃድም ወሳኝ ነው፤ ልጃቸው የሠራችውን መለኪያ በራሳቸው ማሳ ላይ ሲያዩ ጥቅሙን በቀላሉ ይረዳሉ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንደነዚህ ያሉ ሙከራዎች ውድ ዕቃ ስለማይፈልጉ ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ በቤትና በመንደር ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ መምህርንና መደበኛ ትምህርትን ግን አይተኩም።