ወተቱን ሳይሆን ፋጉሎውን ጠይቁ

በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የቱርኪ ጫጩቶች በጥቂት ወራት አለቁ። ምክንያቱን የሚያውቅ ስላልነበረ «የቱርኪ ኤክስ በሽታ» ብለው ጠሩት። ተላላፊ በሽታ ነው ተብሎ ቢጠረጠርም ከአንዱ ጫጩት ወደ ሌላው የሚጋባ ነገር አልተገኘም። ፍለጋው ወደ መኖው ዞረ። ገዳዩ ከብራዚል በመርከብ የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎውን አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ በክሎት ነበር። መርዙም ከሻጋታው ስም ተቀንጭቦ «አፍላቶክሲን» ተባለ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ የዶሮ አርቢዎች ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ጥያቄ አነሱ፤ ይህን ፋጉሎ የበላች ላም ወተቷ ምን ይሆናል? በ1963 መልሱ ታወቀ። ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፤ መርዙ ግን መልኩን ቀይሮ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ማፍላትም አያጠፋውም።

አፍላቶክሲን በብዛት ሲገባ ጉበትን በአጭር ጊዜ ያጠፋል፤ በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲጠራቀም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። በ2004 ኬንያ ውስጥ በሻገተ በቆሎ ሳቢያ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2015 የተሰማ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትን መለኪያ ያለፉት 9 ብቻ ናቸው። ላላ ባለው የአሜሪካ መለኪያ ቢታይ እንኳ 29ኙ ይወድቃሉ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር።

ወሬው ሲወጣ ብዙዎቻችን ጣታችንን የቀሰርነው ወተት ሻጩ ላይ ነው። እናቴም ለሳምንታት ከደንበኛዋ መግዛት አቁማ ነበር። ሴትየዋ ግን ምን አጠፋች? ፋጉሎውን በውድ ገዝታ ነው ላሟን ያበላችው። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ጥፋቱ የሚጀምረው ኑጉ በደንብ ሳይደርቅ ሲከዘን፣ ፋጉሎው እርጥብ ወለል ላይ ሲከመር ነው።

ስለዚህ ቁጥጥሩ ከመጋዘኑና ከዘይት መጭመቂያው ይጀምር። ላም አርቢዋ የምትገዛው ፋጉሎ ተመርምሮ ይድረሳት። እንግሊዞች መልሱን ያገኙት መኖውን ሲፈትሹ ነው። እኛ ከ50 ዓመት በኋላም ወተት ሻጯን ከስሰን ፋጉሎውን ካለፍነው፣ ነገ ለልጆቻችን በብርጭቆ የምንሰጠው ያንኑ ነው።