ወንዝ ሳይጎድል የሚበራ ችቦ

ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ መንዝ ውስጥ ዘመሮ ላይ ቆሞ ማዶውን ማየት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነው። ገደሉን ጉም ይሞላዋል፤ ወንዙ ከታች ሲያጓራ ይሰማል እንጂ አይታይም። በዚህ አገር በግ እየጠበቅሁ ስላደግሁ፣ የብርሃን በዓል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው ጊዜ ነው።

ስዊድኖች የቅድስት ሉቺያን ሻማ የሚያበሩት በክረምታቸው፣ ሌሊቱ እጅግ ሲረዝም ነው። ሕንዶችም ለዲዋሊ የሸክላ መብራት የሚደረድሩት ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነው። የእኛ ቀንና ሌሊት ግን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም፤ እኛን የሚያጨልመን የዝናቡ ወራት ነው። ችቦዎቻችንም ክረምት መውጫው ላይ የተሰለፉት ለዚህ ይመስለኛል፦ ቡሄ፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ መስቀል። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው አርባ ቀን ያህል ነው።

አባቶች የቡሄን ነገር ከደብረ ታቦር ይጀምሩታል። ጌታ በተራራው ብርሃነ መለኮቱን ሲገልጥ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። የቡሄው ሙልሙል ዳቦም የመጣው ከዚያ ነው። ለመንዝ ሰው ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ጉም ሲወርድ ከበጎቹ ጋር የቀረ ልጅ ያላት እናት ጭንቀቱን ታውቀዋለች።

እዚህ ደጋ ላይ ችቦ ውድ ነገር ነው። እንጨት ስለሚቸግር ምድጃችን የሚነደው በኩበት ነው። ጭራሮው በበጋ ይለቀምና ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ይሰቀላል፤ ክረምቱን ሙሉ ጭስ እየጠጣ ይሰነብታል። ሲታሰር ቀጫጭኑ ወደ ውስጥ፣ ወፈር ያለው ወደ ውጭ ይሆንና ስንዝር ስንዝር እየተለካ በልጥ ይጠፈራል። ከላላ ነፋስ ገብቶ ቶሎ ይበላዋል፤ ከጠበቀ ይታፈናል።

የዞናችን ዋና ከተማ ደብረ ብርሃንም ስሟን ያገኘችው ከብርሃን ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በድንጋይ ካስወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ከተማም ቆረቆሩ። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን እንደሚችል የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ግማደ መስቀሉን ግሸን ያስቀመጡትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው ይባላል። ውለታቸው ብዙ ነው፤ ያ ብርሃን ግን በሰው ደም ላይ ስለተተረጎመ ልቤ አይቀበለውም። እኔ ልጅ ፍለጋ የወጣውን ችቦ እወዳለሁ።

መስቀልም የፍለጋ በዓል ነው። ንግሥት እሌኒ በአረጋዊው ኪራኮስ ምክር ደመራ አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራበት፣ ጢሱ ወደ ጎልጎታ ሲሰግድ የተቀበረውን መስቀል ለማውጣት ማስቆፈር ጀመረች። ዩኔስኮ ይህን በዓል በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሲመዘግብ ብዙ ሰው ያሰበው የአዲስ አበባን መስቀል አደባባይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን እሳቱ ለማዶም ጭምር ነበር። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰኔ ላይ የተለያየ ዘመድ ማን እንደከረመ አያውቅም። ከገደሉ ባሻገር ከአጎቴ ደጅ ችቦ ሲበራ እናቴ እልል ትል ነበር፤ ታናሽ ወንድሜም የእኛን ችቦ ይዞ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሮጣል፣ ከዚያ ማዶም እልልታው ይመለሳል።