የእርጅና ሥነ ሕይወታዊ ሂደትና ጤናማ ዕድሜን የማራዘሚያ መንገዶች

እርጅና በሰውነት ሕዋሳት ላይ ለዓመታት የሚደርሰው ጥቃቅን ጉዳት እየተጠራቀመ የአካል ክፍሎችን አቅም ቀስ በቀስ የሚቀንስበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። በራሱ በሽታ ባይሆንም ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለልብና ለካንሰር ሕመም የመጋለጥ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ሂደቱን ማስቆም ባይቻልም በጤና የሚኖሩትን ዓመታት ማብዛት ይቻላል።

የሂደቱ መንስኤዎች

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊዮናርድ ሄይፍሊክ እ.ኤ.አ. በ1961 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ መደበኛ የሰው ሕዋስ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መባዛቱን እንደሚያቆም አረጋግጠዋል። ለዚህ አንዱ ምክንያት በክሮሞሶም ጫፍ የሚገኘውና ቴሎሜር የሚባለው መከላከያ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር እያጠረ መሄዱ ነው። የቴሎሜርን አሠራር የገለጡት ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬይደርና ጃክ ሾስታክ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

መባዛት ያቆሙ ሕዋሳት ሳይወገዱ ሲቀሩ በዙሪያቸው ያለውን የሰውነት ክፍል የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። ለሕዋሳት ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያም ይዳከማል፤ ጡንቻ ይሳሳል፤ የደም ሥሮችም ይደድራሉ። ሲጋራ፣ ጨው የበዛበት ምግብና እንቅስቃሴ አልባ ኑሮ ጉዳቱን ያፋጥኑታል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ የመኖር ዕድሜ ዛሬ ከ65 ዓመት በልጧል። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መደበኛውን የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ዓመታት በጤና ወይም በሕመም ማለፋቸው በአመዛኙ በሥራ ዘመን በሚዳብር ልማድ ይወሰናል።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ 16 በመቶ ያህሉ ተሳታፊዎች ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8 ግራም ያህል ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ከ10 ሰዎች ከ9 በላይ የሚሆኑት በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይመገቡም።

የጫኖ ምርትና ገበታ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ የሚገኙት የጫኖ ቀበሌዎች በፍራፍሬ ምርታቸው ይታወቃሉ። በጫኖ ሚሌና በጫኖ ዶርጋ አርሶ አደሩ የሐሬን ወንዝ በመስኖ እየተጠቀመ ሙዝና ማንጎ ያመርታል፤ ሙዙም እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ፍራፍሬ ለገበያ መቅረቡ ብቻውን በአምራቹም ሆነ በሸማቹ ገበታ ላይ መዋሉን አያረጋግጥም።

ሙዝ የጨውን ጉዳት የሚያለዝብ ፖታሲየም ይዟል። በጋሞ ቆላማ አካባቢዎች እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላው የሽፈራው ቅጠል ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ብረት የሚገኝበት ሲሆን፣ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ዓሣም ጡንቻን ለመጠበቅ ይረዳል። የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን ግን የፍራፍሬ መጠናቸውን ከሐኪም ጋር ተመካክረው ሊወስኑ ይገባል።

ሊዘወተሩ የሚገባቸው ልማዶች

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ቢያንስ በ2 ቀናት ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ውሎው በወንበር ላይ ለሆነ የቢሮ ሠራተኛ በሥራ ቀናት በየዕለቱ 30 ደቂቃ በፍጥነት መራመድ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል። ደም ግፊት ያለ ምልክት ሊቆይ ስለሚችል በየጊዜው መለካት፣ ከሲጋራ መራቅና በቂ እንቅልፍ ማግኘትም አስፈላጊ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና አስርት ዓመት ብሎ ሰይሞታል። ለጤናማ እርጅና የሚደረገው ዝግጅት ግን የጡረታ ደብዳቤ እስኪደርስ የሚጠበቅ ሳይሆን ገና በጉልምስና የሚጀመር ነው።