በሩ ወዴት ይመልከት? ስለ ቤት አቅጣጫና ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ስፍራ

ቤት ሠሪ ሁሉ ከመሠረቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ በሩ ወዴት ይመልከት? ክዳን ቢያፈስ ይጠገናል፣ ግድግዳ ቢሰነጠቅ በጭቃ ይመረጋል። ያለ ቦታው የተከፈተ በር ግን ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ነፋሱንና ዝናቡን ለባለቤቱ ሲያስገባ ይኖራል። ይህ አሮጌ ጥያቄ በዘመናችን ባልተጠበቀ ስፍራ ተመልሶ መጥቷል።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ከመግባቱ በፊት አምበርን ያገኛል። የአነደድ ወረዳ ከተማ ነው። እንደ አምበር ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን ወጣቶች በወተት ዱቄት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ተክለው፣ የራሳቸውን ክብደት ማንሻ ሲሠሩ መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም። አቅም ያገኘ ደግሞ ክፍል ተከራይቶ፣ መስተዋት ሰቅሎ «ጂም» ብሎ ይከፍታል። ለእንዲህ ያለው ክፍል ከወደ ሕንድ የመጣ ምክር አለ። «ከባዱን ብረት በደቡብ ምዕራብ ማዕዘን አኑር፤ ስትንቀሳቀስ ፊትህን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን መልስ፤ ሰሜን ምሥራቁን አታጣብብ፤ የክፍሉን እምብርት ባዶ ተው» ይላል። የዚህ ምክር ምንጭ «ቫስቱ ሻስትራ» የሚባለው ጥንታዊ የሕንዶች የሕንፃ ትምህርት ነው።

ምክሩን አንዱ ጥንቆላ ነው ብሎ ይጥለዋል፣ ሌላው የሩቅ አገር ጥበብ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ይህ ጸሐፊ ከሁለቱም ጋር አይስማማም። ለምን ቢሉ፣ ሁለቱም «ይህ ሕግ የተወለደው የት ነው? ለምን ተወለደ?» ብለው አልጠየቁም። የአቅጣጫ ሕግ አገር አለውና።

ቫስቱ ማለት መኖሪያ፣ ሻስትራ ማለት ደግሞ የትምህርት ሥርዓት ማለት ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ኮከብ ቆጣሪ ቫራሃሚሂራ «ብርሃት ሳምሂታ» በተባለው መጽሐፉ ለቤት አሠራር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በደቡብ ሕንድም «ማያማታ» የተባለው የግንበኞች መጽሐፍ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። በትምህርቱ መሠረት የቤቱ ቦታ እንደ ገበጣ በ64 ወይም በ81 አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። በዚያ ላይ ራሱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አድርጎ የተኛ ሰው ይታሰባል። ስምንቱም አቅጣጫዎች ጠባቂ አላቸው፤ ደቡብ ምሥራቅ የእሳት ነውና ማድቤት ይሠራበታል፣ ሰሜን ምዕራብ የነፋስ ነው፣ ሰሜን ምሥራቅ የጸሎትና የንጹሕ ውሃ ነው። መካከሉ ደግሞ የፈጣሪ ስፍራ ስለሆነ ምሰሶ አይተከልበትም፣ ሸክምም አይጫንበትም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ መጻሕፍት ሲጻፉ ዛሬ የምናውቀው የብረት ክፍል አልነበረም። ጂሙን በስምንቱ ማዕዘን የደለደሉት የኋላ ዘመን መካሪዎች ናቸው። የሕንድ ትግለኛ የሚሰለጥንበት ባህላዊ ስፍራ «አካራ» ይባላል፤ የለሰለሰ አፈር የተነጠፈበት የትግል መሬት ነው። ታጋዩ ጎህ ሲቀድ እዚያ ወርዶ አፈሩን ይቆፍራል፣ ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ይታገላል።

ሆኖም ከእምነቱ ሥር የአየር ጠባይ እውቀት ተቀብሯል። ሰሜን ሕንድ ሙቀቱ የሚያቃጥል አገር ነው። ከቀትር በኋላ የምትበረታው ፀሐይ የምትመታው የቤቱን ደቡብ ምዕራብ ወገን ስለሆነ፣ ወፍራሙን ግንብና ከባዱን ዕቃ በዚያ ማድረግ ቤቱን ያቀዘቅዛል። የጧት ለስላሳ ብርሃን የሚገባው በሰሜን ምሥራቅ ነውና ያ ወገን ክፍት ይሆናል። መካከሉ ባዶ ይሁን የተባለውም አለምክንያት አይደለም፤ የአገሩ ቤት ግቢውን በመካከል አድርጎ ክፍሎቹን በዙሪያው የሚሠራ በመሆኑ፣ እምብርቱ የአየር መተንፈሻው ነበር።

ሮማዊው ቪትሩቪየስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን ስለ ሕንፃ በጻፈው መጽሐፍ የግሪኮችን የትግልና የሰውነት ማሰልጠኛ አደባባይ ሲገልጽ፣ በሦስቱ ወገን ያለው የአዕማድ መጠለያ ነጠላ፣ ወደ ደቡብ የሚመለከተው ግን ድርብ ይሁን ብሏል። ምክንያቱን አልደበቀም፤ ማዕበል ሲነሣ ነፋሱ ዝናቡን ወደ ውስጥ እንዳያስገባ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሕንድ ግንበኛ ኢትዮጵያን የረገጠው ዛሬ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ያገኘው ከሕንድ የመጣ ሰው መሆኑን የጊዜው ኢየሱሳውያን ጽፈዋል። በ1640 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1648) ከየመን በመልእክተኛነት ወደ ጎንደር የመጣው ሐሰን አል ሐይሚም የአፄ ፋሲልን ግንብ አይቶ ተደንቋል፤ የሠራውም ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ የሕንድ እጅ በግንባችን ውስጥ አለ። ነገር ግን ያ እጅ ኖራውንና የድንጋይ አጣጣሉን ይዞ ሲመጣ፣ አገሬው የራሱን አቅጣጫ አልለወጠም።

የራሱ አቅጣጫ ስንል ምን ማለታችን ነው? የጎጃምን ክብ ቤተ ክርስቲያን አስቡ። ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማህሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። በምዕራቡ በር የገባ ምእመን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል፣ ጸሎቱም ወደ ምሥራቅ ነው። በመቃብር እንኳ ሰው እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀበራል፣ በትንሣኤ ሲነሣ ፊቱ ወደዚያው እንዲሆን።

የገበሬውም ክብ ቤት ሥርዓት አለው። በረዳማ ሌሊት ውርጭ ከጉድጓዳ ቦታ ስለሚተኛ ቤት ከረባዳው ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ጎርፍ እንዳይገባም ተዳፋቱ ይታያል። በሩ ነፋሱ ከሚበረታበት ወገን ይሸሻል። ከውስጥ መደቡ፣ ምድጃው፣ ጓዳው፣ የከብቱ ጋጥ ሁሉም ቦታ ቦታ አላቸው። በመካከል ደግሞ ምሰሶው ቆሟል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል። ሕንዱ «መካከሉን ባዶ ተው፣ ምሰሶም አትትከልበት» ሲል፣ ጎጃሜው ምሰሶውን የሚተክለው በመካከል ነው። የሣር ክዳኑ ሾጣጣ ስለሆነ ወጋግራው ሁሉ ክብደቱን ወደ አንድ ጫፍ ይሰበስባል፤ ያን ጫፍ የሚሸከመው የመሐል ምሰሶው ነው። ስለዚህም የቤተሰብ አለኝታ የሆነውን ሰው «የቤቱ ምሰሶ» እንለዋለን። የቫስቱ ሕግ ለሁሉ አገር የተሰጠ ቢሆን ኖሮ፣ የጎጃም ጎጆ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የተረገመ በሆነ ነበር። አልተረገመም። ትውልድ አፍርቶበታል፣ የቅኔ መምህራንን ያስገኙ ቤቶችም በዚሁ ምሰሶ ዙሪያ ቆመዋል።

ፀሐይዋም ብትሆን እንደ ሰሜን ሕንድ አይደለችም። ዴልሂ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ወገን ናት። አምበርና ደብረ ማርቆስ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዚህ ላይ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ናት። ከዴልሂ ሰው የሚሸሸው ሙቀት ነው፤ ከጮቄ ግርጌ ሰው የሚሸሸው ብርድ ነው። አንዱ ጥላ ሲፈልግ ሌላው ፀሐይ ይፈልጋል። ታዲያ እንዴት አንድ ሕግ ለሁለቱም ይሆናል?

መቼም «ለሰውነት ማጎልመሻስ አባቶቻችን የት ቦታ ሰጥተውት ነበር?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ገና የሚመታው በሜዳ ነው፣ ጉግስ የሚጋለበው በሜዳ ነው፣ እረኛ የሚታገለው በመስክ ነው። ለጉልበት ክፍል መከራየት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም፤ ማረሻው፣ ዳገቱና እንጨት ሸክሙ ይበቁ ነበር። አካል በጣሪያ ሥር የሚደክምበት ስፍራ ቢኖር ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዓላማው ሌላ፣ መንፈሳዊ ቢሆንም፣ በሰሙነ ሕማማት ሰጋጁ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እየወደቀ ሲነሣ ወገቡና ጉልበቱ ይመሰክራሉ። በቅኔ ማህሌቱም ደብተራው ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያው ተደግፎ ይቆማል፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲቀሰቅሰው ይሸበሽባል። ያ ስፍራ ሰፊ ነው፣ ዙሪያውን በር አለው፣ አየር ይመላለስበታል። ብዙ ሰው የሚተነፍስበት ክፍል ምን ሊመስል እንደሚገባ የሚያውቁ ሠሪዎች ነበሩን ማለት ነው።

ታዲያ ይህ እውቀት መቼ ተሰበረ? የመኪና መንገድ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ከገባ በኋላ፣ በተለይም ከጠላት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ፣ ከተሞቻችን ወደ መንገዱ ተጠጉ። የቆርቆሮ ክዳን የሣሩን ቦታ ወሰደ፣ ክቡ ቤት አራት ማዕዘን ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሩ ነው። ገበያተኛውና መንገደኛው በዚያ ያልፋሉና፣ የመንገድ ዳር ቤት ሁሉ በሩን ወደ አስፋልቱ መለሰ። ነፋሱ በየት ይመጣል፣ ፀሐይዋ በየት ትወጣለች የሚለው ጥያቄ ቀረ። በአጭሩ አስፋልቱ ምሥራቃችን ሆነ።

በዚህ ማንንም አንወቅስም፤ ሱቅ ፊቱን ከገበያ መልሶ አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው ለሱቅ የተሠራው ክፍል ለጂም ሲከራይ ነው። ሱቅ አንድ በር ቢኖረውና ጀርባው ድፍን ቢሆን ባለሱቁ በወንበሩ ተቀምጦ ይውላል። በዚያው ክፍል አሥር ወጣቶች ብረት ሲያነሡ ግን ትንፋሻቸው መውጫ ያጣል፤ በአንዱ በር የሚገባውም የመኪና ጭስና አቧራ ነው። በክረምት በሩ ይዘጋል። ብርድ ነው ተብሎ ከሰል ከተቀጣጠለ ደግሞ ነገሩ ወደ ሞት ይሄዳል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ደግሞ በፍጥነት ይስበዋል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ «መስተዋቱ በሰሜን ነው ወይስ በምሥራቅ የሚሰቀለው?» ብሎ መከራከር፣ ቤት እየተቃጠለ ስለ መጋረጃው ቀለም እንደ መጨነቅ ነው።

ስለዚህ ከቫስቱ ሕጉን ሳይሆን ጥያቄውን እንውሰድ፤ መልሱን ከአገራችን እንፈልግ። ለአምበር ወጣት ከዚህ የሚገኘው ምክር ብዙ አይደለም። ክፍሉ ከበሩ ትይዩ ሁለተኛ መስኮት ይኑረው፣ አየር ገብቶ የሚወጣበት። የደጋ ጧት ብርድ ነውና ቢቻል አንዱ መስኮት ወደ ምሥራቅ ይመልከት፤ በዚህስ ሕንዱም ጎጃሜውም ይስማማሉ። ብረቱ የትም ማዕዘን ይሁን፣ በጠንካራ መሬት ላይ፣ ከመተላለፊያ ራቅ ብሎ፣ በግድግዳ ጥግ ይቀመጥ። በመካከል ምሰሶ ካለ ክዳኑን የሚሸከመው እርሱ ነውና ማንም እንዳይነካው፤ ዘንግ እንዳይመታው ዙሪያው ይተውለት። ከሰል በምንም ምክንያት አይግባ። ይህ ሁሉ ካልተገኘ ደግሞ ሜዳው አለ፤ የገና ሜዳ ከሰው ኪራይ ጠይቆ አያውቅም።

የቀረው ጉዳይ ከጂሙ ይሰፋል። ሕንዶች የአቅጣጫ እውቀታቸውን ከ1,400 ዓመት በፊት በመጽሐፍ ስላኖሩት ዛሬ ዓለም ይጠቅሰዋል፣ ይሸጠዋልም። የእኛዎቹ ጎጆ ሠሪዎች ያወቁትን ያኖሩት በእጃቸው ነው። ክቡ ጎጆ በቆርቆሮ ቤት ሲተካ፣ ምሰሶ ተካዩ ሽማግሌ ሲያልፍ፣ «በሩን ለምን ወደዚህ አዞርከው?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም። ያን ጊዜ የልጅ ልጆቻችን የጎጃምን ነፋስ ለማወቅ የሕንድ መጽሐፍ ይገልጡ ይሆናል። መጽሐፉ ስለ ጎጃም ነፋስ የሚነግራቸው የለም።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ገጠር የምትወርድበት ቀን ካለህ አንድ ሽማግሌ ጎጆ ሠሪ ፈልግ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለህ በሩን ለምን ወደዚያ እንዳዞረው ጠይቀው። የሚመልስልህንም ጻፈው።